አራት ደቂቃ ለአንድ ልጅ

ይድረስ፦ በጅቡቲ ከተማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ልጆችን ለምትመዘግቡ፣ ለምትመድቡና ለምታማክሩ ሁሉ



ቀን ቀን ወደብ አካባቢ በሚገኝ የትራንዚት ቢሮ እሠራለሁ። ማታ ማታ ካርቲዬ 2 ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ለሰፈሩ ልጆች ሂሳብና ፊዚክስ አስጠናለሁ። ከልጆቹ መካከል ቤቱ አማርኛ የሚያወራ አለ፣ ሶማሊኛ የሚያወራ አለ፣ ዓፋርኛም አለ፤ ደብተራቸው ላይ ግን ሁሉም በፈረንሳይኛ ነው የሚጽፉት። ይህን ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል የማየው ነገር አንጀቴን ስለሚበላኝ ዘንድሮ ዝም ማለት አቃተኝ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ልታስመዘግብ ስትሄድ ፈረንሳይኛውን እንዳስተረጉምላት ለመነችኝና አብሬያት ሄድኩ። ትምህርት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ያየሁት እዚያ ብቻ የሚሠራ አይደለምና። ይህች እናት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ምጣዷን ጥዳ፣ ጋግራ፣ ለምግብ ቤቶች አከፋፍላ፣ ነጠላዋን ለብሳ ነው የመጣችው። ልጇ የዘጠነኛ ክፍል ማጠናቀቂያውን ፈተና፣ ብሬቬውን፣ አልፏል፤ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሊሴ፣ ሊገባ ነው። ኮሪደሩ በወላጅ ተጨናንቋል፤ አንዱ የጣሪያ ማራገቢያ ቆሟል፣ ሌላው ሙቀቱን ከወዲህ ወዲያ ያመላልሳል። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ተራችን ደረሰ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው የልጁን ውጤት አገላበጠ። ሂሳብ የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ማት፣ ሰባት» አለ። ከሃያ ሰባት ማለቱ ነው። ከዚያ ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ፤ የሙያ ዘርፍ፣ የቢሮና የንግድ ሥራ። ወረቀቱን ወደ እናትየው አዞረና ብዕሩን አቀበላት። «እዚህ ጋ ትፈርሚያለሽ።» እኔ «አንዴ ይቆዩኝ፣ ላስረዳት» ስል ቀጣዩ ወላጅ ወንበሩን ይዟል። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ነበር። አንድም ሰው ፊቱን አላየውም፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። ሰዓቴን አየሁ፤ ከተቀመጥንበት እስከ ተነሳንበት አራት ደቂቃ።

ያ ሰባት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ልጁ በትምህርት ዓመቱ ሁለተኛ ትሪሜስትር ደንጊ ይዞት ሦስት ሳምንት ተኝቷል። የመጀመሪያው ትሪሜስትር ውጤቱ አሥራ አራት ነበር፤ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከሰባቱ አጠገብ ተጽፏል። ይህ ልጅ የእናቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ በተበላሸ ቁጥር ሸክላውን አንስቶ፣ የተቃጠለውን ሬዚስታንስ አውጥቶ፣ አዲሱን ጠምዝዞ የሚያስገባ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ የጀመረው ነው፤ ያሳየው ሰው የለም። የሚወደው ኤሌክትሪክ ነው። እኔ የሙያ ትምህርትን አልንቅም፤ እንዲያውም ይህች ከተማ በባለሙያ ነው የምትኖረው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሙያውም መንገድ ቢሆን የኤሌክትሪክ ክፍል እያለ፣ «ምን ትወዳለህ?» የሚል አንድ ሰው በመጥፋቱ ልጁ ወደ ቢሮ ሥራ ተመደበ።

ችግራችሁን አውቃለሁ። ክፍሉ ሞልቷል፣ የሰው ኃይሉ ጥቂት ነው፣ ወላጁ ብዙ ነው፣ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። የምወቅሰው ማንንም ግለሰብ አይደለም። የምወቅሰው አሠራሩን ነው፤ የሦስትና የአራት ዓመት ትምህርት በምዝገባ ቀን፣ በአንድ ቁጥር፣ ወላጅ በማያነበው ቋንቋ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ መወሰንን። ምዝገባና ምክር አንድ ነገር ሆነዋል። ምዝገባ ወረቀት መሙላት ነው፤ ምክር ግን ተቀምጦ መነጋገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ስናደርጋቸው ሁልጊዜ የሚሸነፈው ምክሩ ነው።

በዚህች ከተማ ደግሞ ጉዳዩ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። አንድ ሐበሻ ልጅ ጅቡቲ ውስጥ ሲያድግ ፊቱ ላይ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ የአገሩ ሊሴ ነው፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰጎንድ ላይ፣ አብረው ይማራሉ፣ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ ፕሪሚዬር ላይ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ኢኮኖሚ ወይም ሳይንስ ተብለው ይለያያሉ፤ ባካሎሬያውን ያለፈ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደተመሠረተው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። ሁለተኛው የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ሦስተኛው የኢትዮጵያው ነው፤ ዛሬ እዚህ የሚማር ልጅ ነገ ቤተሰቡ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ሲገባ ወደዚያ ይገባል። ቤተሰብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ልጁ የመረጠው ትምህርት አብሮት ይሻገራል ወይስ ድንበር ላይ ይቀራል? ይህን ጥያቄ በዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጥያቄው የሚነሳው አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ በሩ ተዘግቷል።

የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ፈረንሳይኛዋ ጥሩ ነበር፤ መምህሮቿ ወደዷት፣ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ገባች፣ ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጭምር አልተቃወምኩም። የሊሴው መጨረሻ ዓመት፣ ተርሚናል ላይ ሆና ፋርማሲ መማር እንደምትፈልግ ስትነግረን ነው ኬሚስትሪና ሂሳብ ከእጇ ከወጡ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው የገባን። ዛሬ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ሥራዋን በክብር ትሠራለች። ግን ቤት ውስጥ መድኃኒት ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን የታጠፈች ወረቀት አውጥታ፣ ዘርግታ፣ ከላይ እስከ ታች የምታነብ እሷ ብቻ ናት።

ትልልቆቹ አገሮችም ይህን በኪሳራ ነው የተማሩት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 የቆዩትን ሦስት ክፍሎች፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ኢኮኖሚና ሳይንስ የሚባሉትን፣ ከአጠቃላይ ሊሴዎቿ አስቀርታ፣ ተማሪው ፕሪሚዬር ላይ ሦስት ዋና ትምህርት፣ ስፔሲያሊቴ የሚሉትን፣ እንዲመርጥ፣ ተርሚናል ላይ ደግሞ አንዱን ጥሎ ሁለት እንዲይዝ አደረገች። ነፃነቱ መልካም ነበር። ግን ሂሳብን ያልመረጠ ልጅ ሂሳብን ጨርሶ መተው ቻለ፤ ከሂሳብ የራቁትም በብዛት ሴቶች ልጆች ሆኑ። ጩኸቱ ሲበረታ በ2022 በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ሂሳብ ለፈለገ ተመለሰ፤ በ2023 ደግሞ ሂሳብን ላልመረጠ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ስንት አማካሪና ስንት መጽሔት ያለው አገር እንኳ ልጆቹ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የሚተዉት ነገር ምን እንደሚያስከፍላቸው ሳያስረዳ ቀርቶ ሦስት ዓመት ከተጎዳ፣ የእኛ አራት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቡት።

ወደ ኢትዮጵያው መንገድ ስመጣ ነገሩ የባሰ ነው። ድሮ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ክፉም ይሁን ደግ ልጁ የት እንደቆመ ለወላጅ ይነግር ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ ደወል የሚደውል የለም። ዘጠነኛና አሥረኛ አብረው ይማራሉ፣ አሥራ አንደኛ ላይ ናቹራል እና ሶሻል ተብለው ይከፈላሉ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የወሰዱት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ቁጥር በሰማሁ ማታ በረንዳዬ ላይ የነበሩትን ልጆች ዓይን ማየት ከብዶኝ ነበር። ኩረጃው ስለቆመ ነው ተባለ፤ እውነት አለው። ግን ዘጠነኛ ላይ እንግሊዝኛውና ሂሳቡ ተንጠልጥሎ የቀረ ልጅ «ሶሻል ስገባ ከሂሳብ እገላገላለሁ» ብሎ ዝም ሲል፣ ሂሳብ በሁለቱም በኩል እንደሚፈተን የነገረው አልነበረም።

እኛ ወላጆችና ዘመዶችም ንጹሕ አይደለንም። «ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሰነፍ ሶሻል» የሚለውን ከአገር ቤት ይዘን መጥተን እዚህ «ጎበዝ ሳይንስ፣ የቀረው ሌላ» ብለን ተርጉመነዋል። ልጁ ገና ሳይወለድ ዶክተር ብለን የሰየምን ብዙ ነን። ይህን ለማስጠናቸው ልጆች ወላጆች በየማታው እናገራለሁ፤ አንዳንዶቹ ተቀይመውኛል። ቢሆንም ወላጅ የሚያውቀውን ነው የሚመርጠው፤ ሌላ ምን እንዳለ የሚያሳየው ሰው ካላገኘ ምን ያድርግ? ለምሳሌ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲው የናጋድ ጣቢያ የሚሮጠው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በመስመር የመጣ መብራት ታበራለች። የዚያች እናት ልጅ ምጣድ ፈትቶ የሚገጥመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ቆሞ ነው፤ ይህን ያገናኘለት ሰው ግን አልነበረም።

በትክክል ሲሠራ አንዴ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ የሰፈራችንን አንዲት ልጅ ከእናቷና ከአባቷ ጋር አስቀምጠው ሲያነጋግሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ደብተሩን ወደ ጎን አዞሩት። መጀመሪያ የጻፉት በቀኝ ጫፍ ነው፤ «ስትጨርሺ የት መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ስለ ዓሣ ማጥናት» አለች። አባቷ ሊስቅ ሲል ጋሼ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ እየመጡ፣ ለዚያ ተርሚናል ላይ ምን ያስፈልጋል፣ ለእሱ ፕሪሚዬር ላይ፣ ለእሱ ሰጎንድ ላይ እያሉ ዓምድ ዓምድ አሰመሩ። በየዓምዱ ሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ ይህን ከተውሽ የሚዘጋው በር ይህ ነው እያሉ ጻፉ። መጨረሻ ላይ «ሐሳብሽን ብትለውጪስ?» ብለው ጠየቋትና ሐሳቧን ብትለውጥም የማይጎዷትን ሦስት ትምህርቶች ከበቡላት፤ ሂሳብ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ አርባ ደቂቃ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ምክሩን ከምዝገባው ቀን አውጡት፤ ሐምሲን የሚባለው ሙቅ ነፋስ ሳይነሳ፣ መጋቢት ላይ፣ ልጁ ገና የድሮ መምህሮቹ እጅ እያለ ይሁን። አርባ ደቂቃ ባይገኝ ሃያ ይሁን። የአንድ ትሪሜስትር ቁጥር አንስታችሁ አትፍረዱ፤ የሦስት ዓመቱን ውጤት ዘርግታችሁ ቁጥሩ የወደቀበትን ጊዜ ልጁን ራሱን ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በሽታ ነው፣ ቤት መልቀቅ ነው፣ የአባት ሥራ ማጣት ነው። ልጁን ከእናቱ ጀርባ አታቁሙት፤ ወንበር ስጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዴ የተመደበ ልጅ ከመጀመሪያው ትሪሜስትር በኋላ ተመልሶ መጥቶ «ተሳስተናል» የሚልበት ቀን ይኑር፤ ያ ቀን ለሁሉም በግልጽ ይነገር። አሁን እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያገኘው ፈረንሳይኛ የሚችልና ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያውቅ አባት ያለው ልጅ ነው። ይህ ትክክል እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

የምዝገባው ቅጽም ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ያቺ እናት በገበያ ፈረንሳይኛ ሒሳቧን ትተሳሰባለች፣ ሶማሊኛውን ትጨርሰዋለች፤ የፈረመችው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ግን እስከ ማታ ድረስ አላወቀችም። ማታ ቤቴ መጥታ አንድ በአንድ ሳነብላት «ታዲያ መብራቱን ማን ይማርልኝ?» ነው ያለችኝ። በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። ክፍሉ ሞልቷል ተባልን።

ልጁ አሁንም ማታ ማታ ይመጣል። የቢሮ ሥራ ትምህርቱን ሳያማርር ይማራል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ስለ ቮልቴጅና ስለ ጅረት እንሠራለን። ዘንድሮ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቷል፤ ደብዳቤውን ራሱ ነው የጻፈው፤ እኔ ፊደል ብቻ አርሜለታለሁ።

ቅጹን እኔ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ በሶማሊኛና በዓፋርኛ እያዘጋጁት ነው፤ ክፍያ አንጠይቅም። መጋቢት ከመግባቱ በፊት ሦስቱንም ይዘን በራችሁ ላይ እንመጣለን። ጋሼም አብረውን ሊመጡ ተስማምተዋል፤ ደብተራቸውን ይዘው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የማታ አስጠኚ
ካርቲዬ 2፣ ጅቡቲ ከተማ