«ስልክ ላይ ያለውን ለምን ትሰራላችሁ?»

ይቺን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማኋት! ሰሞኑን ደግሞ ያነሷት የአንድ የተማሪዎች አውደ ርዕይ ዳኛ ናቸው። ተማሪዬ ዳክ ሰርቶ ቀረበ። ዳክ ማለት ስልካችሁ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ዘፈን ስፒከር ወደሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ነገር ነው። ዳኛው አዩትና «ይሄ እኮ በየሞባይል ቤቱ ይሸጣል» ብለው አለፉ። ተገዝቶ የተገጣጠመ ሮቦት ተሸለመ።

እሺ ጌታዬ፣ ይሸጣል። እስቲ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ይምጡና ደረጃው ላይ የሚሮጠውን ሕዝብ «ታክሲ አለ አይደል እንዴ?» ይበሉልኝ።

ደረጃውን ካነሳሁ አይቀር፣ ለልጁ ነገሩን ያስረዳሁት አንድ ቅዳሜ ከካዛንቺስ ወርደን እዛው ቁጭ ብለን ነው። ደረጃው ከማዶ ሲያዩት ወጥ ተዳፋት ይመስላል፤ ሲጠጉት እርከን ብቻ ነው። ዘፈኑም እንደዛው። በ8 ቢት 256 እርከን፣ በሲዲው 16 ቢት 65,536 እርከን።

ልጁ 25 ባለ 10 ኪሎ ኦም ረዚስተር ገዛ። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 20 ይሆናሉ፤ በ10 እና በ20 ብቻ መሰላል ሰርቶ ከአርዱይኖ ኡኖ 8 እግሮች ጋር አገናኘው። እያንዳንዱ እግር የሚያወጣው ወይ 0 ወይ 5 ቮልት ነው። 256 ዓይነት ቮልቴጅ የሚያወጣው መሰላሉ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ተበላሸ። ለምን? ረዚስተሮቹ እስከ 5 ፐርሰንት ይሳሳታሉ፣ የእሱ አንዷ እርከን ደግሞ ከጠቅላላው 0.4 ፐርሰንት ገደማ ናት። ሌላ ጨምሮ ገዛ፣ አንድ በአንድ በቴስተር ለካ፣ የሚቀራረቡትን መረጠ። ይሄን የትኛው ሞባይል ቤት ይሸጥለታል?

ደግሞ እኛም አንሻልም። እኔ የኦምን ሕግ ሰሌዳ ላይ እሞላለሁ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የአይሲቲ መምህሩ ባይነሪ ያስተምራል፤ ሁለቱ እንደሚዋደዱ ለዓመታት አንድም ቀን ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። ልጁ ነው ያጋባቸው።

የአርዱይኖው ሜሞሪ 32 ኪሎባይት ነው። በሴኮንድ 8,000 ናሙና ሲያጫውት 4 ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያለን ነገር 4 ሴኮንድ ያልሞላ ክራር ነው፣ ያውም ሽሽ እያለ። ዳኛው ግን አልሰሙትም፤ ስፒከሩ እስኪሰካ እንኳ አልቆሙም።

ልጁ አሁን «ቲቸር፣ ሜሞሪ ካርድ ብጨምርበት ሙሉ ዘፈን አይጫወትም?» እያለኝ ነው። ይጫወታል። የካርድ ማንበቢያ ሞጁል ቤታችሁ አቧራ የሚጠጣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።