«ጭስ የለም» ያልኩበት ሱቅ

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ባለፉት 30 ቀናት በምትሠሩበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ነበር? መልሳችሁን ያዙት።

እኔ መርካቶ ሸማ ተራ፣ አጎቴ ሱቅ ስሠራ ብጠየቅ «ኧረ የለም» ነበር የምለው። እሱም አያጨስም፣ እኔም አላጨስም። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት ነጠላ ዘርግተው እያዩ «ልጄ፣ ይሄ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል» አሉኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ሰዓቱን ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በስድስት ቀን 23 ጊዜ! ደላላው ሲጋራውን እንደያዘ ይገባል፤ ተሸካሚው በሩ ላይ ቆሞ ያጨሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጎረቤት ጫት ቤት ጭስ በግድግዳው ክፍተት ይመጣል።

«የለም» ስል ዋሽቼ አይደለም። የለመዱት ሽታ ትዝ አይልም፣ በቃ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ይህ የታወቀ ችግር ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገዛ የተጠየቀ ሰው ይገምታል እንጂ አያስታውስም። ስለዚህ ነው ብዙ የፍጆታ ጥናቶች የምግብ ወጪን ባለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁት። ስለ ጭስ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። «አባትህ ያጨስ ነበር?» ሲባል ሰው ከዓመታት በኋላም መልሱን ብዙም አይቀይርም። «በቀን ስንት ሰዓት ጭስ ውስጥ ነበርክ?» ሲባል ግን መልሱ ይዋዥቃል። አብሮን የሚኖረውን እናስታውሳለን፣ አላፊ አግዳሚውን እንረሳለን። መርካቶ ደግሞ የአላፊ አግዳሚ አገር ነው።

«ታዲያ በላቦራቶሪ አይለካም?» ትሉኝ ይሆናል። ይለካል። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ኮቲኒን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይቀየራል፤ በምራቅ ወይም በሽንት ይታያል። ግን የሚነግረን የጥቂት ቀናቱን ብቻ ነው። ያለፉትን 10 ዓመታት የሚያውቅ ያው ማስታወሳችን ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት፣ በጣሪያ ሥር ከሚሠሩት 29.3 በመቶው በሥራ ቦታቸው ለጭስ ተጋልጠዋል። ቁጥሩ የተገኘው ሰው በመጠየቅ ነው። እንደ እኔ «የለም» ያለ ስንት ይሆን? እኔ በበኩሌ ቁጥሩን የማየው እንደ መነሻ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። መርካቶ ውስጥ ከአንዱ በር 10 ሜትር ስትርቅ የሌላው በር ላይ ነህ። ሕጉን በትክክል ካነበብነው ተራው በሙሉ ከጭስ ነፃ መሆን ነበረበት። ግን ያላስታወሰ ሰው ቅሬታ አያቀርብም፣ ቅሬታ ያልመጣበት ደግሞ ችግር የሌለበት ይመስላል።

ስለዚህ ተቆጣጣሪ ባለሱቁን «ይጨሳል ወይ?» ብሎ አይመለስ፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይቁም። ሐኪምም «ታጨሳለህ?» ብሎ አይብቃው፤ «የት ነው የምትውለው? አጠገብህስ ማን ያጨሳል?» ይበል። ከዓመታት በኋላ የሚያስል ሻጭ «አላጨስም» ሲል ነገሩ እዚያ እንዳያልቅ።

እናንተ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ መጀመሪያ ከያዛችሁት መልስ ጋር አስተያዩት።