«ፖዘቲቭ» ማለት ጥሩ ማለት ነው?

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማማ፣ ፖዘቲቭ ማለት ጥሩ ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ ልል ስል አንዲት እናት ትዝ አለችኝ።

ጊዜው በ1980ዎቹ ነው። ወጣቷ እናት የአክታ ምርመራ ውጤቷን ልትሰማ መጣች። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ቀና እንኳ ሳልል «ፖዘቲቭ ነው» አልኳት። «ተመስገን!» ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች። እኔ ወደ መድኃኒት ክፍል የሄደች መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከስታ ተመለሰች፤ ያዘለችው ልጅም ያስል ነበር። «ሲስተር፣ ደህና ነሽ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። ሁለቱም ታክመው ዳኑ። ያ በከንቱ ያለፈ ሁለት ወር ግን የእኔ ጥፋት ነው።

ቃሉ የመጣው «ማስቀመጥ» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ቀድሞ ትርጉሙ የተደነገገ፣ የማያጠራጥር ማለት ነበር፤ ለበጎ ነገር መነገር የጀመረው ኋላ ነው። ኔጌቲቭ ደግሞ «መካድ» ከሚለው ይመጣል። በላቦራቶሪ ቋንቋ ፖዘቲቭ «የተፈለገው ተገኘ»፣ ኔጌቲቭ «አልተገኘም» ማለት ነው፤ ሌላ አይደለም። ልጅ ለሚናፍቁ ባልና ሚስት የእርግዝና ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን እልልታ ነው። የቲቢ ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ሕክምናው ዛሬውኑ ይጀመር ማለት ነው።

ኔጌቲቭም ሁልጊዜ እፎይ አያሰኝም። ኤች አይ ቪ በቅርቡ የተያዘ ሰው ምርመራው ላይ ላይታይ ስለሚችል ተመልሶ መመርመር አለበት።

የደም ዓይነት ላይ ያለው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ደግሞ ሕመምም ጤናም አይደለም። በቀይ የደም ሴል ላይ አር ኤች የሚባለው ነገር መኖር አለመኖሩን ብቻ ይነግረናል። ሆኖም ነፍሰ ጡር ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ ደሟ ኔጌቲቭ ከሆነ ለሐኪሟ ቀድማ ትንገር። የወለደችው ሕፃን ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጣት መርፌ ወደፊት የምትፀንሰውን ልጅ ይጠብቃል።

እንግዲህ ውጤት ሲነገራችሁ ሳታፍሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተፈለገው ምንድን ነው? ተገኘ ወይስ አልተገኘም? አሁን ምን ላድርግ?

ለልጅ ልጄም «ደብተርሽ ላይ ‹ጥሩ› ብለሽ ጻፊ፤ ሐኪም ቤት ስትሄጂ ግን ‹ምን ተገኘ?› ብለሽ ጠይቂ» አልኳት።