ስምንት ዓመት ተምረነው አፍ ያልፈታንበት እንግሊዝኛ

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበር። መሻሻል አለ። ግን አሁንም ከአሥሩ ዘጠኙ ወዳቂ ነው።

ውጤት በወጣ ቁጥር ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ደሞዝ፣ ስለ ጦርነቱ እናወራለን። ልክ ነው፣ ሁሉም አለበት። አንድ ነገር ግን እየዘለልን ነው፦ የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው።

▪️ ችግሩ የሚጀምረው የት ነው?

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ማስተማሪያ ቋንቋው ራሱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ኩታበር ያለ ልጅ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በአንዴ ይቀየርበታል። ያልገባውን እጁን አውጥቶ ለመጠየቅ እንኳ አፉ አይታዘዝለትም። ዝም ይላል። ዝም ያለ ተማሪ ደግሞ የገባው ይመስላል።

▪️ ስምንት ዓመት ምን ሲማር ነበር?

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ቢኖር፣ መምህሩ አንዲት ቃል ሳይናገር ጊዜውን በሙሉ ለተማሪዎች ቢያከፋፍል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። መምህሩ ሰዋስው ጽፎ ያስገለብጣል። ቢፈረድበትም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ፈተናው በወረቀት ነው፤ የቃል ፈተና የለም። የማይፈተን ነገር አይሰጥም።

በ1997 ዓ.ም. የመጣውን ፕላዝማ አስታውሱ። ተማሪው እንግሊዝኛ በብዛት መስማት ጀምሮ ነበር። ግን ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። መስማት ያለ መናገር ግማሽ መንገድ ነው።

▪️ የኩታበር ልጅ ለምን የባሰ ይጎዳል?

በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የገባን ልጅ እንውሰድ። ሳይደግም ከመጣ 3ኛ ክፍል እያለ ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። 5ኛ ክፍል እያለ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ኩታበር የውጊያ ቀጠና ሆነች። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭት ደግሞ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ቋንቋ የሚያዘው በድግግሞሽ ነው፤ የዚህ ልጅ ድግግሞሽ ሦስት ጊዜ ተቋርጧል። ብር ያለው ቤተሰብ ልጁን ከተማ ወስዶ የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። የገበሬ ልጅ ግን ያው ሰሌዳና ደብተር ነው ያለው።

▪️ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሀ) ክፍል ውስጥ። 60 ልጅ ማለት 30 ጥንድ ነው። በየቀኑ 10 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲያወሩ ቢደረግ እያንዳንዱ ልጅ 5 ደቂቃ ይናገራል። ከ40 ሰከንድ ወደ 5 ደቂቃ፣ ያለ አንድ ሳንቲም በጀት። ጫጫታ ይኖራል። ይኑር።

ለ) ቤት ውስጥ። ይሄ እናንተን ይመለከታል። ስልክ ያላችሁ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ በቀን አሥር ደቂቃ ስጧቸው። መጀመሪያ አጭር ነገር አሰሟቸው፤ ወዲያው ካልተናገሩ አታስገድዷቸው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ስላለ ነገር ጠይቋቸው፦ ስለ ላሟ፣ ስለ ምጣዱ፣ ስለ ዝናቡ። ታሪኩን አስቀድመው በአማርኛ ይናገሩት፤ የሚሉት ነገር ካላቸው እንግሊዝኛው ይከተላል። ድምፃቸውን ቅዱና ራሳቸውን ያዳምጡ፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ሲሳሳቱ አታቋርጧቸው። «ሺ ጎ ማርኬት» ካለች «የስ፣ ሺ ጎስ ቱ ዘ ማርኬት» ብላችሁ ልኩን አሰምታችሁ እለፉ። ከሁሉም በላይ አትሳቁ። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው ቃል አጥቶ አይደለም፣ መሳቂያ ላለመሆን ነው። በእኛው አማርኛ «አብሽር» በሉት፣ ይቀጥላል።

ሐ) ቢሮው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀው በክልሉ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባን ሳይጠብቅ በመምህሩ የሚያዝ ጥቂት የንግግር ነጥብ መጨመር ይቻላል። አሥር ነጥብ እንኳ ቢሰጠው በነጋታው ክፍል ውስጥ ማውራት ይጀመራል። መምህሩ ለልጁ ወዳጅነት ነጥብ ይሰጣል የሚል ስጋት ይነሳል፤ እውነት ነው፣ ሊኖር ይችላል። ግን ዛሬ ያለው ምርጫ ትንሽ የተዛባ ነጥብ ወይም ስምንት ዓመት ዝምታ ነው።

የስልኩ አሥር ደቂቃ ትምህርት ቤትን አይተካም፤ የተዘጋውንም አይከፍትም። 9ኛ ክፍል ገብቶ «አልገባኝም» ማለት የሚችል ልጅ ግን ቢያንስ መጠየቅ ይጀምራል።

እናንተስ? 9ኛ ክፍል ስትገቡ እንግሊዝኛው እንዴት ተቀበላችሁ?