የባሕረኛ ልብስ በልጅ ልክ አይሰፋም

ማንኛውም አገር ለመከላከያ ኃይሉ የሚመለምለውን ሰው ጤንነት፣ ትምህርትና ጠባይ መመርመሩ የታወቀ ነው። ከምርመራዎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚታለፈው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ቁመቱ የረዘመና ጉልበቱ የጠና ልጅ በሰልፍ ላይ ሲታይ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራልና። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው የወደድነው ጉዳይም በባሕር ኃይል ውስጥ በጀማሪ ባሕረኛነት ስለሚሰለፉ ታዳጊ ልጆች ይሆናል።

ነገሩን ከጎረቤታችን ከኬንያ እንጀምር። በናይሮቢ ከተማ፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አለ። ከሞምባሳ ወደብ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የባሕር ነፋስ አይደርሰውም። ባሕረኛ ለመሆን የሚመኝ የሳውዝ ሲ ልጅ በቅድሚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን መፈጸም፣ 18 ዓመት መሙላትና በዚሁ ዕድሜ የሚሰጠውን የዜግነት መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት። በዚያው ሰፈር የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1965 በሕግ እስከተቋቋመበት ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የኬንያ ባሕር ኃይልም ሥርዓቱን በብዙ መንገድ ከእንግሊዝ የወረሰ ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ለብዙ ዘመን ይዘውት የኖሩትን ልጆችን ለመርከብ የመመልመል ልማድ ኬንያ ዛሬ አትከተለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ሕፃናትና ስለ ጦርነት የተደነገገውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ስታጸድቅ፣ ለጦር ኃይሏ የምልመላ ዝቅተኛው ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት መሆኑን በይፋ አስታውቃለች።

የልማዱን ዋጋ ከእንግሊዞች ታሪክ መረዳት ይቻላል። ጃክ ኮርንዌል የተባለ ልጅ ባሕር ኃይል የገባው በ15 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1916 በጁትላንድ የባሕር ውጊያ ቼስተር በተባለችው መርከብ ላይ በመድፍ ምድብ ተሰልፎ ሳለ ጓዶቹ በዙሪያው ወደቁ። እርሱም ክፉኛ ቆስሎ፣ ትእዛዝ እየጠበቀ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆመ። ከሁለት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት 16 ዓመቱ ነበር። የአገሪቱ ታላቅ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ፤ ሜዳዩን የተቀበለችው ግን እናቱ ናት። ከዚያ ወዲህ 23 ዓመታት አልፈው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1939 ሮያል ኦክ የተባለችው የጦር መርከብ መልሕቋን ጥላ በቆመችበት በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። ከሞቱት ከ830 በላይ ሰዎች መካከል ከ100 የሚበልጡት 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። የኮርንዌልን ጀግንነት እናከብራለን። ነገር ግን የልጁ ጀግንነት እዚያ ቦታ ላይ ላቆሙት አዋቂዎች ምስክር ሊሆናቸው አይችልም።

ልማዱን የሚደግፉ ወገኖች የሚሰጡት ምክንያት እንዳላቸው አንክድም። የባሕር ሙያ ረጅም ጊዜ የሚጠይቅ በመሆኑ በልጅነት የተጀመረ ትምህርት ሥር ይሰዳል ይላሉ። ለድኻ ልጅም ምግብ፣ ልብስና ሙያ ያስገኝለታል ይላሉ። በእርግጥም እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በቆየው ጋንጀስ በተባለው ማሠልጠኛ ልጆች ከ40 ሜትር በላይ ቁመት ባለው ምሰሶ ላይ እየወጡ የሠለጠኑ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ብዙ ብርቱ ባሕረኞች ወጥተዋል። ሆኖም ሙያን ለልጅ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ልጅን በውል ማሰር ሌላ ነገር ነው። በቀድሞው ሥርዓት የአንድ ልጅ የ12 ዓመት የአገልግሎት ዘመን መቆጠር የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላው ነበር። በ15 ዓመቱ የፈረመው ልጅ እስከ 30 ዓመቱ ታስሮ ይኖራል ማለት ነው። በኋላም በ15 እና በ16 ዓመታቸው ተቀጥረው፣ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ በሚቆጠር የዘጠኝ ዓመት ውል የተያዙ አራት ወጣቶች መልቀቂያ ቢከለከሉ ለአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1968 ወላጆቻቸው የፈቀዱ መሆናቸውን ጠቅሶ አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ዛሬ እንግሊዝ ከ16 ዓመት ጀምሮ ብትመለምልም፣ ምልምሉ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለመልቀቅ መብት አለው። ሕጉ ተሻሽሏል፤ ያለፈው የልጅነት ዘመን ግን ለማንም አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ምጽዋን መናኸሪያው አድርጎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፣ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መርከቦቹ በየወደቡ ተበትነው መፍረሱ ይታወሳል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና እንዲቋቋም ተወስኖ ሥራው ተጀምሯል። አዲስ ቤት ሲሠራ መሠረቱ እንደሚታይ ሁሉ፣ አዲስ ኃይል ሲቋቋምም የምልመላው ሥርዓት መታየት አለበት። ስለ ሕፃናት መብትና ደኅንነት የወጣው የአፍሪካ ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው በራሳችን ርእሰ ከተማ በአዲስ አበባ ነው። ቻርተሩ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለጦር መመልመልን ይከለክላል። ኢትዮጵያም ኬንያ ያጸደቀችውን ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ችግሩ ዕድሜን ለማረጋገጥ በሚደረገው ሥራ ላይ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ 15፣ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ዕድሜያቸው የሚታወቀው በአብዛኛው በወላጅ ቃል፣ በክርስትና ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ኑሮ የከበደው ልጅ ደግሞ በዕድሜው ላይ ሁለት ዓመት ለመጨመር አያመነታም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ጥፋቱ ግን ከልጁ ይልቅ ሊጡን በእጁ ካስያዙት ዘንድ ይገኛል።

ስለዚህ መልማይ መኮንን ከቁመቱ በፊት ማስረጃውን ይመልከት፤ በተጠራጠረ ጊዜም ልጁን ወደ ቤቱ ይመልስ። የቀበሌ ሠራተኛ ያልተረጋገጠ ዕድሜ በማኅተም አያጽድቅ። መምህር የተማሪውን መዝገብ በታማኝነት ይስጥ። ወላጅ ጣቱን ከወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት ልጁን ለስንት ዓመት እንደሚያስረው አስቀድሞ ይጠይቅ። የጦር ባልደረቦቻችንም ነገሩን ከማንም የበለጠ ያውቁታል፤ በአደጋ ሰዓት ጎኑ የቆመው ልጅ የሆነበት ወታደር ግዳጁን ትቶ ሞግዚት ይሆናል።

ወደ ቤቱ የሚመለሰው ልጅ ባዶ እጁን እንዳይመለስም እናሳስባለን። የትምህርት ቤት ወንበርና የሙያ ማሠልጠኛ ቦታ ካልተዘጋጀለት ነገ በሌላ በር፣ በሌላ ዕድሜ ተመዝግቦ ይመጣል። ባሕሩ የትም አይሄድም። ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ በገዛ ፈቃዱ ሲመጣ ይጠብቀዋል።