ሳይቆጠር የታወቀ ድምፅ

በየዓመቱ የኦስካር ሽልማት ሲቃረብ «ዘንድሮ እገሌ ነው፤ አለቀ ደቀቀ» የሚል ወሬ ቀድሞ ይደርሰናል። ፊልሙን ያላየነው ሳንቀር አሸናፊውን ለይተን በየመኝታ ክፍሉ እንሟገታለን። ልጁ ሳይወለድ ስም ማውጣት ይሏል ይህ ነው።

እርግጥ፥ ቀድሞ የተነገረለት ተዋናይ የሚያሸንፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዋኪን ፊኒክስ፥ ረኔ ዜልዌገር፥ ብራድ ፒትና ሎራ ደርን በየፊተኛው ሽልማት ሁሉ አሸንፈው ኦስካሩንም አራቱም ወሰዱ። ወሬ አመኔታ የሚያገኘው እንዲህ ባለው ዓመት ነው።

የሚከተለው ዓመት ግን ሌላ አሳየን። በ2020 በ43 ዓመቱ ያረፈው ቻድዊክ ቦዝማን ጎልደን ግሎብንም የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበርንም ሽልማት አግኝቶ ነበር። በ2021ዱ በዓል አዘጋጆቹ፥ ዘወትር መጨረሻ የሚታወጀውን የምርጥ ፊልም ሽልማት አስቀድመው የምርጥ ተዋናይን መዝጊያ አደረጉት። ፖስታው ሲከፈት ግን የወጣው ስም አንቶኒ ሆፕኪንስ ሆነ፤ ሰውዬውም በአዳራሹ አልነበረም። በዓሉ በድንገት ተበተነ። ይሁን እንጂ የብሪታንያው ባፍታ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሆፕኪንስ ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ ልብ ላለ ሰው ምልክቱ አልጠፋም።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ቀድሞ የሚያነግሠውና ኋላ ድምፅ የሚሰጠው አንድ ሰው አይደለም። ጎልደን ግሎብን በዚያ ጊዜ የሚሰጡት መቶ የማይሞሉ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ነበሩ። ኦስካሩን የሚወስኑት ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአካዳሚው አባላት ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከአሜሪካ ውጭ ይኖራሉ። ከአምስቱ እጩዎች ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል እንጂ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ግሌን ክሎዝ በ2019፥ ዴሚ ሙርም በ2025 ጎልደን ግሎብንና የተዋንያኑን ማኅበር ሽልማት ይዘው ቀረቡ፤ ኦስካሩን ግን ኦሊቪያ ኮልማንና ማይኪ ማዲሰን ወሰዱት። ሁለቱም የባፍታ አሸናፊዎች ነበሩ። (ባፍታም ቢሆን ነቢይ አይደለም፤ በ2023 ለኬት ብላንሼት ሰጥቶ ኦስካሩ ለሚሼል ዮ ሆኗል።)

እኛን የሚያሳዝነን የግምቱ መሳት አይደለም። በወሬ የተሰጠ ዘውድ ሲወድቅ ሁለት ሰው ይበደላል። ቦዝማን በእጁ ያልገባውን እንደ ተነጠቀ ተቆጠረ። አእምሮው እየከዳው ያለ አባት ሆኖ ድንቅ ሥራ ሠርቶ በ83 ዓመቱ ያሸነፈው ሆፕኪንስም የሰው ንብረት እንደ ወሰደ ተወራበት። እርሱ ግን በማግሥቱ ከዌልስ ባሰማው አጭር ቃል ሽልማቱን እንዳልጠበቀ ተናግሮ፥ ቦዝማንን በክብር አነሣ።