ፍርሃትን ስለ ማሸነፍና ራስን ስለ መቻል

ልጆች ሆይ፤ ፍርሃት በሰው ሁሉ ልብ አለ። ሕፃን ጨለማን ይፈራል፤ ተማሪ የመምህሩን ጥያቄ ይፈራል፤ ገበሬ የዝናብን መቅረት ይፈራል፤ ነጋዴ ሽፍታን ይፈራል፤ ሹምም መሻርን ይፈራል። ስለዚህ «እኔ ከቶ ፈርቼ አላውቅም» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ወይ ሐሰተኛ ነው፤ ወይም አደጋን ገና አላየም።

ፍርሃት ሁሉ ክፉ አይደለም። እባብን አይቶ መሸሽ፣ የሞላ ወንዝ እስኪጐድል መጠበቅ ጥበብ ነው። ክፉው ፍርሃት ከሚገባን ሥራ የሚያስቀረን ነው። መልሱን እያወቀ «ይሥቁብኛል» ብሎ ዝም የሚል ተማሪ፣ ባልንጀራው በሐሰት ሲከሰስ አይቶ «እኔንም ይጠሉኛል» ብሎ እውነቱን የሚደብቅ ልጅ፣ በዚህ በክፉው ፍርሃት ተይዘዋል። ፍርሃት የገዛው ሰው እጅ እያለው እጅ እንደሌለው፣ እግር እያለው እንደ ሽባ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ፍርሃት በምን እናሸንፈዋለን? በእምነት ነው። ነገር ግን እምነት የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ የሚያጣምሙ አሉና እንጠንቀቅ።

አንዳንዶች «እግዚአብሔር ካለ እኔ ምን አደክመኝ» ብለው እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ይህ እምነት አይደለም፤ የእምነትን ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው። ነህምያን ተመልከቱ። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ሳለ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰማ። ንጉሡ «ስለ ምን አዘንህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ እጅግ እንደ ፈራ መጽሐፍ ይነግረናል። ቢሆንም በልቡ ጸለየ፤ ጸልዮም ዝም አላለም፤ የሚያስፈልገውን ለይቶ ለንጉሡ ተናገረ። ወደ ኢየሩሳሌም ከደረሰ በኋላም ጠላቶች በዛቱበት ጊዜ ጸለየ፤ ዘበኛም አቆመ። ሠራተኞቹ በአንድ እጃቸው እየሠሩ በሁለተኛው መሣሪያ ይዘው ቅጥሩን በ52 ቀን ፈጸሙት። እንግዲህ ጸሎት መነሻ እንጂ መኝታ አለመሆኑን ከዚህ እንማር።

ሌሎች ደግሞ «እኔ ማንንም አልፈልግም፤ ጕልበቴ ይበቃኛል» ይላሉ። ይህም ራስን መቻል አይደለም፤ ትዕቢት ነው። ጴጥሮስ ሁሉ ቢክዱ እኔ አልክድም ብሎ በራሱ ተመካ። በዚያው ሌሊት ግን በአንዲት ገረድ ፊት ፈርቶ ጌታውን ካደ፤ ዶሮ ሳይጮኽም ሦስት ጊዜ ካደ። ኋላ ግን ይኸው ጴጥሮስ በአይሁድ ሸንጎ ፊት ቆሞ ያለ ፍርሃት ተናገረ። ሰውዬው አንድ ነው፤ የተለወጠው የተደገፈበት ነገር ነው። በመጀመሪያ የተደገፈው በራሱ አፍ ነበር፤ በኋላ በእግዚአብሔር ተደገፈ።

በእኔ አሳብ እውነተኛው ራስን መቻል በእነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ይገኛል። ይኸውም የምንችለውን በገዛ እጃችን መሥራት፣ የማንችለውን ለእግዚአብሔር መተው፣ የባልንጀራንም እርዳታ አለመናቅ ነው። ለዚህ ከአገራችን ሰዎች አንድ ምስክር እጠራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተበት። ገና ልጅ ሳለ የባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ከእናቱ ነጥለው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ዓ.ም. ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገብቶ ተማረ። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚገኝ የአንድ ባሪያ ስም ነው። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ ሰውን እየፈራ ቢኖር ማን ይነቅፈው ነበር?

እርሱ ግን ወደ ስዊድን አገር ሄዶ እስከ 1881 ዓ.ም. ተማረ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ አገሩ ሰዎች ለመድረስ ተነሣ። በሱዳን በኩል ቢሄድ መንገድ ተከለከለ፤ በበሽታም ተፈትኖ ተመለሰ። ሁለተኛም በታጁራ በኩል መጥቶ እስከ እንጦጦ ቢደርስ ወደ ፊት እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። ሁለት ጊዜ ደጅ የተዘጋበት ሰው «በቃኝ» ቢል ያምርበት ነበር። ነገር ግን እግሩ ቢከለከል እጁ አልተከለከለምና፣ በምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ።

በዚህም አንድ ችግር አገኘው። ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተወሰደ የቋንቋው ቃል ሁሉ በአፉ አልነበረም። በዚህ ጊዜ «እኔ የተማርሁ ነኝ» ብሎ አልታበየም። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣች፣ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ቃላቱን እየሰበሰበች ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. ታተመ። በ1894 ዓ.ም. እርሱና አስቴር ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ በውስጡም አስቴር የሰበሰበቻቸው የአገር ተረቶችና ምሳሌዎች ነበሩበት። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ በእኛው ፊደል ታተመ። በ1904 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ገባ፤ በነቀምቴም ልጆችን በገዛ ቋንቋቸው እያስተማረ ኖሮ በ1931 ዓ.ም. ዐረፈ። ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ባዶ እጁን አልገባም፤ መጽሐፉን ይዞ ገባ።

ልብ በሉ። ኦኔሲሞስ ደጁ እስኪከፈት ድረስ ቁጭ ብሎ ቢያለቅስ ኖሮ፣ ደጁ ሲከፈት የሚያበረክተው ነገር አይኖረውም ነበር። ስለዚህ እምነት ማለት ደጁ እንደሚከፈት ተስፋ አድርጎ፣ በተዘጋበት ዘመን መሥራት ነው እላለሁ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ምን እችላለሁ?» ይል ይሆናል። ዳዊትም ትንሽ ነበረ። ሳኦል የራሱን ጥሩር ባለበሰው ጊዜ ስላልለመደው አወለቀው፤ የለመደውን ወንጭፍና አምስት ድንጋዮች ይዞ ወጣ። አንተም ልጄ፣ የሌላውን ጥሩር አትመኝ፤ ያለህን ያዝ። ትምህርቱ ቢከብድህ ከባልንጀራህ ሰሌዳ አትቅዳ፤ ያልገባህን ግን ለመጠየቅ አትፈር። አንቺም ልጄ፣ ለማንበብ ስትነሺ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ አትቀመጪ፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከዝምታ ይሻላል። ብታጠፉም «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» በሉ፤ እውነትን መናገር የድፍረት ሁሉ መጀመሪያ ነውና። ትንሹን ፍርሃት በየቀኑ ያሸነፈ ልጅ፣ ትልቁ በመጣ ጊዜ አዲስ አይሆንበትም።

ፍርሃት ከልባችሁ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ አትጠብቁ፤ የሚጠብቅ ሰው ሳይሠራ ይሸመግላል። ጸልዩ፤ ከጸለያችሁም በኋላ ተነሥታችሁ ሥራችሁን ያዙ። ፍርሃት ቢከተላችሁ ይከተል፤ እንዲመራችሁ ግን አትፍቀዱለት።